ሊያልቅ ሲል መልሶ ይፈታዋል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር ነው። ዕድሜዬ 35 ነው፤ ባንክ ቤት እሠራለሁ። የወላጆቼ ቤት አውቶ ፓርኮ አካባቢ ነው። እኔ ተከራይቼ ለብቻዬ ብኖርም እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እነሱ ጋ ነው የምውለው።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ 76 ዓመቱ። ግቢያችን ውስጥ 17 ዓመት የቆመች ቮልስ አለች። አባቴ ዳባት ሲያስተምር ከደመወዙ እየቆጠበ የገዛት ናት። እኔን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችኝ እሷ ናት። ልጆች ሆነን ለፋሲካ ሰሞን ጎርጎራ ድረስ ይዞን ይሄድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ፍሪሲዮኗ ተበላ። ለማሠሪያ የተቀመጠው ብር ለወንድሜ ትምህርት ወጣ። ከዚያ ሸራ ለበሰች፤ ዶሮም ይተኛባት ጀመር።

አምና መጋቢት ላይ «አባዬ፣ አብረን እናንሳት» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው እሁድ ስመጣ ግን የመፍቻ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥቶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እነዚያን ወራት አልረሳቸውም። ሞተሩን ሁለታችን ሆነን አወረድነው። ፍሪሲዮኑን ቀየርን። እኔ ዩቲዩብ ያየሁትን ይዤ «ክላች፣ ስፓርክ ፕላግ» ስል እሱ «ፍሪሲዮን በይ፤ ካንዴላ በይ» ይለኛል። እናቴ ቡናውን እዚያው መኪናዋ አጠገብ ታፈላልናለች።

ችግሩ የመጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ሞተሩ ተነሣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሠራ። እኔ ጮኽኩ፤ እናቴ እልል አለች። አባቴ ምንም ሳይል አጠፋው። በሳምንቱ ስመጣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶታል። ለምን ስለው «ድምፁ ልክ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ገጠምነው፤ ሦስቴም ፈታው። ያጠበቅኩትን ብሎን እኔ ስሄድ መልሶ ያላላዋል። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና «እንደዚህ ከሆነ ለምን ለመካኒክ አንሰጠውም» አልኩት። አልመለሰልኝም። መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቤት ገባ። ምሳም አልበላ።

ወንድሜ አሜሪካ ነው። ለጥምቀት ይመጣል። «ብሩን እኔ እልካለሁ፤ አዲስ አበባ ወስዳችሁ ሞተሯን በሌላ አስቀይሩ፣ ቀይ ቀለም አስቀቧት፣ ጥምቀት ላይ ይዘናት እንወጣለን» ይላል። እናቴ ደግሞ «ያ ብር ለጣሪያው በሆነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል» ትላለች። አባቴም እንደ ድሮው አይደለም። ብሎኑን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚያገኘው፤ ሲመሽ ደረጃውን ይስታል። መንጃ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀርቷል። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ይህችን መኪና ግን አንድም ቀን ነድቻት አላውቅም።

ወንድሜን እሺ ልበለው? ወይስ እንዲሁ ስንፈታና ስንገጥም እንክረም? አባቴን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ደከመኝ።

የአባቷ ልጅ፣ ከጎንደር

መልስ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ቆም ያልኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አባትሽ መፍቻውን በጨርቅ ጠርገው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ ያልሽው ላይ። የተናደደ ሰው መፍቻ ይወረውራል። እሳቸው ጠረጉት። እኔ እዚያ ውስጥ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ሆድ የባሰው ሰው ነው። መድከምሽም ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ባንክ ቤት ስትሠሪ ከርመሽ፣ ያለሽን አንድ የዕረፍት ቀን ሰጥተሽ፣ ያጠበቅሽው ብሎን ላልቶ ስታገኚው ማን አይደክመው?

መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ጠቅሰሽ አልፈሻል። የአባትሽ ዓይን ደክሟል። መንጃ ፈቃዳቸው አልታደሰም። አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለሽ፤ መኪናዋን ግን ነድተሻት አታውቂም። እነዚህን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይህቺ መኪና ስታልቅ ማን ነው የሚነዳት?

ደብዳቤሽ ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው የለም። አንቺም፣ ወንድምሽም፣ እናትሽም። አባትሽ ግን ሳይጠይቁት የቀሩ አይመስለኝም። ኅዳር ላይ ሞተሩ ሲነሣ አንቺ የሰማሽው ደስታ ነው። እሳቸው ምን ሰሙ? መኪናዋ ተፈታትታ ሳለች የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ያስተምራሉ፣ ያርማሉ፣ «ካንዴላ በይ» ይላሉ። የተነሣች ዕለት ግን አንድ ሰው መሪው ፊት መቀመጥ አለበት። ያ ሰው እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ። እሁድ እሁድ መምጣትሽስ ይቀጥላል ወይ? ይህንንም ሳያስቡት አይቀሩም።

ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ሌላውንም እንየው። ምናልባት ድምፁ እውነትም ልክ አይደለም። ያቺን መኪና ያን ሁሉ ዓመት የነዳ ሰው ጆሮ በቀላሉ አይታለፍም። 17 ዓመት ታንክ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፤ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አንዴ አጥባችሁት ሁለተኛ መደፈኑም ያለ ነው፤ የታንኩ ዝገት እየተከተለ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ይንተባተባል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ስለዚህ ከመከፋትሽ በፊት ጠይቂያቸው። «አባዬ፣ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? አሳየኝ።» ካንዴላውን ነቅለው ጥቁሩን ካሳዩሽ ልክ ናቸው፤ አብራችሁ አስተካክሉት። «እንዲሁ ነው» ብለው ፊታቸውን ካዞሩ ግን ነገሩ ካርቡራተሩ ላይ አይደለም።

ያን ጊዜ ዋናውን ጥያቄ ጠይቂ። አነጋገሩ ግን ቦታ ይፈልጋል። ማዕድ ላይ፣ ወንድምሽ ስልክ ላይ እያለ፣ ወይም «ዓይንህ እኮ አያይም» ብለሽ ጀምረሽ አይሆንም። እዚያው ሥራው ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ይሁን። ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ ሁለታችሁም አንድ ብረት እያያችሁ ስታወሩ ከባዱም ነገር ይቀላል። መጀመሪያ ያለፈውን አንሺው፤ «ለመካኒክ እንስጠው ያልኩት ደክሞኝ ነው፤ ይቅር በለኝ» በያቸው፤ አታስረዝሚው። ቀጥለሽ «ስታልቅ ማን ነው የሚነዳት?» ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። መምህር ስለሆኑ ጥያቄ ጠይቆ መልስ መጠበቅን ያውቁታል። ዛሬ ግን ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

ዓይናቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስቸኩልሽ። ይህ ከመኪናዋም ይቀድማል። በዚህ ዕድሜ ዓይንን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት የሚቻለው በቶሎ ከተደረሰበት ነው። የትኛው እንደሆነ እኔም አንቺም ከዚህ ሆነን አናውቅም። ዕድለኞች ናችሁ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል እዚያው ከተማችሁ ውስጥ አለ። ከሥራ አንድ ጠዋት ፈቃድ ውሰጂና አብረሻቸው ሂጂ። «ለመኪናው ብለን» አትበያቸው። ደረጃውን እየሳቱ ነው፤ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ይበቃል። መንጃ ፈቃድ ለማደስ ቢፈልጉም ያው የዓይን ምርመራ ይጠየቃሉና ቀድሞ ማወቁ ለእሳቸውም ይሻላል።

ዓይናቸው ከተስተካከለ አንድ ጸጥ ያለ ጠዋት ራሳቸው ይነዷት ይሆናል። ካልሆነስ? ካልሆነ ነጂዋ አንቺ ነሽ፤ እሳቸው ጎንሽ ይቀመጣሉ። ይህን ግን «በቃ፣ እኔ እነዳለሁ» ብለሽ እንዳትወስጂው። «አስተምረኝ» ብለሽ ጠይቂያቸው። ለይስሙላም አይደለም፤ የምትማሪው ብዙ አለ። ቮልስ የተማርሽባትን መኪና አትመስልም። የኋላ ማርሽ የሚገባው ዘንጉን ወደ ታች ተጭነሽ ነው። ሞተሯ ኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚገፋላትን ማራገቢያ የሚያዞረው ያው ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ቦግ ካለች «ቤት ልድረስና» አይባልም። ጥግ ይዘሽ ወዲያው ታጠፊያታለሽ። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ትንሽ እንደነዳሽ ሞተሩ ይቃጠላል። አባትሽ ይህን በእግራቸውና በጆሮአቸው ያውቁታል። አንቺ ጋ መድረስ አለበት።

ደግሞ እጃቸውን አትናቂ። ብሎኑን በጣታቸው እየዳበሱ ያገኙታል ብለሽ የጻፍሽው በሐዘን ነው። የቮልስን ቫልቭ ሲያስተካክሉ ግን ሥራው ያው ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነች ስስ የብረት ልኬት ክፍተቱ ውስጥ ይሰደዳል። መላላቱን ወይም መጥበቁን የሚነግርሽ ዓይን አይደለም፤ ልኬቷን ስትስቢ ጣትሽ ላይ የሚሰማሽ መያዝ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ በዩቲዩብ አይማሩትም። ቀጣዩን እሁድ ለዚህ አውይው። እጅሽን እጃቸው ላይ አድርገሽ «ይኸው ይህን ያህል» ሲሉሽ ስሚያቸው። እግረ መንገድሽን ደብተር ያዢ። ቃሎቻቸውን ጻፊ፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)። እነዚህ ከጣሊያንኛ መጥተው በየጋራዡ የእኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። የሰፈራችሁ ስም አውቶ ፓርኮም የመጣው ከዚያው ነው። እኔ «ክላች» ማለት ስሕተት ነው አልልሽም። አባትሽ ሲያርሙሽ ግን የሚያወርሱሽ አንድ ቋንቋ እንዳለ ይሰማኛል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። እሺም እምቢም አትበዪው፤ ሥራ ስጪው። ያቺ መኪና የቆመችው ለእሱ ትምህርት ነው። ይህን አንድም ቀን እንደ ወቀሳ እንዳታነሺበት። እሱም ሳያውቀው አይቀርም፤ ያ ሁሉ ጥድፊያ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን «እኔ ከፍዬ ላስጨርሰው» ሲል አባቱ የሚሰሙት «አንተ ተወው» የሚል ይሆናል። ሞተሩን በሌላ መቀየሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሊብሬው ላይ የሻንሲው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተሩም ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተር ሲቀየር ያንን ማስተካከል ይመጣል። የተነሣ ሞተር እያለ ለምን? ይልቅ ሊብሬውን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ቁጥሮቹን አመሳክሩ። ሻንሲው ላይ ያለው ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው፤ የሞተሩ ደግሞ ከዲናሞው በታች። የቦሎ ውዝፍም ካለ ከአሁኑ ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ ደግሞ መንገድ አትወጡም።

ከወንድምሽ የሚያስፈልጋችሁ በሻንጣ የሚመጣ ነገር ነው። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ነው፤ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ የወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እሱ ባለበት አገር ዕቃው ዛሬም ይገኛል። የፍሬን ቱቦዎች፣ የፍሬን ጎሚኒዎች፣ ቺንጊያ ከነመለዋወጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤንዚን ቱቦ። የደረቀ የቤንዚን ቱቦ ተሰንጥቆ ትኩስ ሞተር ላይ ቢያንጠባጥብ መኪናዋ በእሳት ትጋያለች፤ ቮልስን የሚያውቁ ሰዎች አጥብቀው የሚፈሩት ይህን ነው። ዝርዝሩን አባትሽ ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ፣ ወንድምሽ ይግዛ። ቀለሙን ግን ተዉት። ቀይ መሆን አለባት የሚለው ከወንድምሽ የመጣ ነው፤ የቀለም ነገር የባለቤቷ ነው።

ጥምቀትን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ነው፤ አይሆንም። ከከተራ ጀምሮ መንገዱ የሰው ባሕር እንደሚሆን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ከተማችሁ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። 17 ዓመት የቆመ ፍሬን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አይሞከርም። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ቢመስልም አርጅተዋል፤ ይቀየሩ። ወንድምሽ ሲመጣ ጥምቀትን ሁላችሁም በእግራችሁ ወርዳችሁ አክብሩ። ከበዓሉ በኋላ ባለው እሁድ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሡለት። ፍሬኑን አንድ የምታምኑት ባለሙያ እዚያው ግቢያችሁ መጥቶ ይየው፤ አባትሽ አጠገቡ ቆመው። መካኒክ መጥራት እጅ መስጠት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል፤ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ፣ እሳቸውም ሳይገፉ። የመጀመሪያው መንገድ ወደ አዘዞ፣ ሜዳማው ላይ፣ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ይሁን።

እናትሽ ልክ ናቸው። የሚያፈስ ጣሪያ ለሌላ ክረምት አይቆይም። ወንድምሽ ለሞተርና ለቀለም ሊያወጣ ያሰበው ብር መጀመሪያ ወደ ቆርቆሮው ይሂድ። ይህን ራሳቸው ይንገሩት፤ አንቺ መሐል አትግቢ። ግን እልል ያሉትም እሳቸው እንደሆኑ አትርሺ። መኪናዋን የሚጠሉ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ቡናው ነገር አሳስቦኛል። ጋዜጣ ላይ ቤንዚን የነካው ካርቡራተር ተዘርግቶ፣ አጠገቡ ከሰል ፍም ሆኖ አይሆንም። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። እናትሽ ረከቦቱን በረንዳ ላይ ያድርጉት። እናንተ እጃችሁን ታጥባችሁ እዚያ ሂዱ። አባትሽ ሁለተኛውን ስኒ ሲይዙ፣ መኪናዋ ከበረንዳው ትታያችኋለች፤ ያን ጊዜ ጠይቂያቸው።